የነዳጅ ማጣሪያ ሚዛን ከአጥሩ ላይ ይሰቀል

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ በጎዴ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። በወቅቱ እንደተገለጸው ፋብሪካው ተሠርቶ ሲያልቅ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን የማጣራት አቅም ይኖረዋል። ይህ በቀን ሲመነዘር 70 ሺህ በርሜል ገደማ ይሆናል። ነገሩ ለገበያው ትልቅ ዜና ነው። የተጣራ ነዳጅ ከውጭ እየገዛች ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ለምታጓጉዝ አገር ማጣሪያ በደጅ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ አይነገረውም። አስመጪው ስለ ውጭ ምንዛሪው፣ ባለ ቦቴው ስለ ጭነቱ፣ ባለ ታክሲው ስለ ሊትር ዋጋው፣ የጎዴ ወጣት ስለ ሥራው ይጠይቃል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ጎልቶ ሲነሣ አይሰማም። ከፋብሪካው አጥር ወጥቶ ወደ ጎረቤት ቤት የሚገባውን አየር ማን ይመዝነዋል? በየስንት ጊዜው? የተመዘነውስ ለማን ይነገራል?

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። አንድ መንግሥት የነዳጅ ማጣሪያን መርዛማ ልቀት ለመቆጣጠር ከሚያወጣቸው ደንቦች መካከል በትንሽ ወጪ ብዙ የሚሠራው፣ ሚዛኑን ከፋብሪካው ጽሕፈት ቤት አውጥቶ አጥሩ ላይ የሚሰቅለውና የተመዘነውን ለሕዝብ የሚያሳውቀው ነው። አሜሪካኖች እዚህ ለመድረስ 45 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኛ ግን ፋብሪካው ሥራ ሳይጀምር ልንማረው የምንችለው ትምህርት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። (ከዚህ በታች የውጭውን አገር ጉዳይ በተመለከተ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አደጋው ከጭሱ ይልቅ ከቫልቩ

የፋብሪካ ብክለት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ነው። የነዳጅ ማጣሪያ ክፉ ጠባይ ግን ጎረቤቱን የሚጎዳው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ማጣሪያ ድፍድፍ ነዳጅን በከፍተኛ ሙቀት እያፈላ ቤንዚኑን፣ ናፍጣውን፣ ነጩን ጋዝና ቡታጋዙን ለየብቻ የሚያወጣ ድርጅት ነው። በውስጡ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቫልቮችና የቧንቧ መጋጠሚያዎች፣ ፓምፖች፣ ግዙፍ የማጠራቀሚያ ጋኖች አሉት። ከእያንዳንዱ ቫልቭ የምትተን ጥቂት ጋዝ ለብቻዋ ብትታይ ከቁም ነገር የማትገባ ናት። በሺህ ተባዝታ፣ ቀንና ሌሊት፣ ዓመት እስከ ዓመት ስትወጣ ግን ሌላ ነገር ትሆናለች።

በዚህ መልክ ከሚያመልጡት ጋዞች ዋነኛው ቤንዜን ይባላል። መኪና ውስጥ ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር በስም ቢቀራረብም አንድ አይደለም፤ ቤንዜን በድፍድፉም ሆነ በቤንዚኑ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚገኝ አንድ ኬሚካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተራ መድቦታል። የሚያመጣውም በተለይ የደም ካንሰርን ነው። በጥቂት በጥቂቱ የሚተነፍሰው ሰው ዛሬ ምንም አይሰማው ይሆናል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ያውም በሐኪም ቤት ነው።

ገበያው ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከቫልቭ የሚያመልጠው ጋዝ ተገዝቶ የመጣ ሸቀጥ ነው። ጆንያው ተቀድዶ እህሉን በመንገድ እያፈሰሰ የሚሄድ ነጋዴ ቀዳዳውን ቢደፍን የሚጠቀመው መንገደኛው ብቻ አይደለም።

ሃያ ዓመት የባከነበት ሕግ

የአሜሪካ ኮንግረስ የንጹሕ አየር ሕግን በ1970 ሲያወጣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው አደገኛ የሆኑትን የአየር መርዞች አንድ በአንድ እያጠና፣ የእያንዳንዱን አደጋ እያረጋገጠ ደንብ እንዲያወጣ አዝዞ ነበር። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ይመስላል። በተግባር ግን ኤጀንሲው አንዱን መርዝ ባነሣ ቁጥር ስንት ሰው ይጎዳል፣ ምን ያህሉ መጠን ይገድላል፣ ወጪውስ ስንት ነው በሚል ክርክርና በፍርድ ቤት ሙግት ይያዝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንብ የወጣላቸው መርዞች ሰባት ብቻ ነበሩ። ቤንዜን ከእነዚህ አንዱ ቢሆንም ለማጣሪያዎች ጠቅላላ ልቀት የሚበቃ ደንብ አልነበረም።

በኅዳር 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ የፈረሙት ማሻሻያ መንገዱን ለወጠው። ኮንግረሱ ራሱ 189 መርዞችን በስም ዘረዘረ። ኤጀንሲውም የእያንዳንዱን መርዝ አደጋ እስኪያረጋግጥ መጠበቁ ቀርቶ፣ በየኢንዱስትሪው ዓይነት በንጽሕና ቀዳሚ የሆኑት 12 በመቶ ፋብሪካዎች ምን እየሠሩ እንደሆነ አይቶ ነባሮቹ ሌሎች ፋብሪካዎችም ቢያንስ የእነርሱን ያህል እንዲያደርጉ እንዲያዝዝ ተደረገ። ነጋዴ ይህን አመክንዮ ይረዳዋል። ጎረቤትህ በዚያው ገበያ፣ በዚያው ዋጋ እየሸጠ ማድረግ ከቻለ አንተስ ምን ያቅትሃል ማለት ነው። ከዚያም በስምንት ዓመት ውስጥ የቀረው አደጋ ስንት እንደሆነ እንደገና እንዲታይ ሕጉ ቀን ቆርጧል።

ለነዳጅ ማጣሪያዎች የመጀመሪያው ደንብ በ1995 ወጣ። ቀጣዩ ምርመራ ግን ቀኑ አልፎበት ሲንከባለል ቆየ። በማጣሪያ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችን የወከሉ ማኅበራት በ2012 ኤጀንሲውን ከሰሱት፤ በፍርድ ቤት በተያዘ ስምምነትም አዲሱ ደንብ በመስከረም 2015 ተፈረመ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። በሀብታም አገር፣ ቀን የቆረጠ ሕግ እያለ እንኳ መንግሥትን ያስነሣው የጎረቤት ክስ ነበር።

ሻጩ ራሱ የያዘው ሚዛን

ከ2015 በፊት የአንድ ማጣሪያ የቤንዜን ልቀት የሚታወቀው በአብዛኛው በስሌት ነበር። ፋብሪካው ይህን ያህል ቫልቭ አለኝ፣ አንድ ቫልቭ በአማካይ ይህን ያህል ያተንናል፣ ስለዚህ በዓመት ይህን ያህል ቶን ለቅቄያለሁ ብሎ ለመንግሥት ያስመዘግባል። ስሌቱ ቫልቩ ጤነኛ፣ ጋኑ ያልተቀደደ፣ ማቃጠያው በትክክል የሚያቃጥል መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል። ችግሩ ትልቁ ልቀት የሚመጣው ከጤነኛው ዕቃ ሳይሆን ከተበላሸው መሆኑ ነው። በሌዘር መሣሪያ አየሩ ላይ ሲለካ ልቀቱ በወረቀት ከተመዘገበው በብዙ እጥፍ በልጦ የተገኘባቸው ጊዜያት ታይተዋል።

በእህል ተራ ሚዛኑን የያዘው፣ የሚያነበውም፣ ደረሰኙን የሚጽፈውም ሻጩ ብቻ ቢሆን ገዢው ዝም ብሎ ይከፍላል? አይከፍልም። የማጣሪያ ጎረቤት ግን በጤናው ለብዙ ዓመታት እንዲህ ሲከፍል ኖሯል።

የ2015ቱ ደንብ ይህን የለወጠበት ዘዴ አስገራሚ ቀላልነት አለው። እያንዳንዱ ማጣሪያ በግቢው ዳርቻ ዙሪያ፣ እንደ ስፋቱ ቢያንስ ከ12 እስከ 24 በሚሆኑ ቦታዎች፣ እርሳስ የምታክል ቱቦ እንዲሰቅል ታዘዘ። ቱቦዋ ኤሌክትሪክ አትፈልግም፤ በውስጧ ያለው ንጥረ ነገር የሚያልፈውን ቤንዜን ይዞ ያስቀራል። በየሁለት ሳምንቱ ተነሥታ ወደ ላቦራቶሪ ትሄዳለች፣ ሌላ ትተካለች። ከቱቦዎቹ ከፍተኛውን ካሳየችው ላይ ዝቅተኛውን ያሳየችው ይቀነሳል። ይህም የሚደረገው ነፋስ ከሌላ ቦታ ያመጣው ቤንዜን በፋብሪካው ላይ እንዳይቆጠርበት ነው። የዓመቱ 26 ልኬቶች አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ9 ማይክሮግራም ከበለጠ ፋብሪካው በአምስት ቀን ውስጥ መንሥኤውን መፈለግ መጀመር፣ በ45 ቀን ውስጥም ምርመራውን መጨረስና ማስተካከል አለበት። ውጤቱ በየሦስት ወሩ ለኤጀንሲው ይላካል፤ ማንም ሰው ሊያየው በሚችልበት መንገድም ይወጣል። ሥራው የተጀመረው በጥር 2018 ነው።

ሚዛኑ ምን አሳየ?

ቁጥሮቹ ሲወጡ ቀድሞ በወረቀት ያልታየ ነገር ታየ። አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እስከ መስከረም 2019 ድረስ ያለውን የአንድ ዓመት መረጃ አሰባስቦ ሲያወጣ አሥር ማጣሪያዎች ከ9 ማይክሮግራም በላይ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ የባሰው የፊላዴልፊያው ማጣሪያ ሲሆን አማካዩ 49 ማይክሮግራም ገደማ፣ ማለትም ከገደቡ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። ይህ ፋብሪካ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ትልቁ ሲሆን በሰኔ 2019 ፍንዳታና እሳት ደርሶበት ተዘግቷል። የፍንዳታው መንሥኤ በዝገት ተበልቶ የሳሳ የቧንቧ መታጠፊያ እንደነበረ ተመርምሮ ተገልጿል። ፍንዳታውና የቤንዜኑ መጠን አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በአጥሩ ላይ ያለች ቱቦ የምትናገረው ስለ ጎረቤት ጤና ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ዕቃውን እንዴት እንደያዘም ትመሰክራለች። ገንዘቡን በፋብሪካ ላይ ያዋለ ባለ አክሲዮንና ያበደረ ባንክ ይህን ምስክርነት ለማግኘት ብዙ መክፈል በተገባቸው ነበር።

መሻሻልም ታይቷል። ኤጀንሲው በኋላ እንደገለጸው ሥራው ከተጀመረ ወዲህ በማጣሪያዎች አጥር ላይ የሚለካው ቤንዜን በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ለመሻሻሉ አንዱ ምክንያት ቀዳዳው ተፈልጎ መደፈኑ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ደንቡ ሁሉን ፈትቷል የሚል አይኑር። በ2023 የኤጀንሲው የራሱ ዋና ኢንስፔክተር ባወጣው ሪፖርት ከጥር 2018 እስከ መስከረም 2021 ድረስ 25 ማጣሪያዎች ገደቡን አልፈው መገኘታቸውን፣ ከእነዚህም ውስጥ ከአንድ ጊዜ በኋላ ደግመው ደጋግመው ያለፉ እንዳሉ፣ ቁጥጥሩም መጠንከር እንዳለበት አመልክቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 9 ማይክሮግራም ሲታለፍ በራሱ ጥፋት ሆኖ አያስቀጣም፤ ፈልግና አስተካክል ብቻ ያሰኛል። ፈልጎ የማያገኝ፣ አግኝቶም ቶሎ የማያስተካክል ሲኖር የሚከታተል ዓይን ያስፈልጋል። በተጨማሪም 9 የጤና ወሰን ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት ለነዋሪው አየር የወሰነው የዓመት ጣሪያ 5 ማይክሮግራም ሲሆን በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያ ከ2030 ጀምሮ 3.4 እንዲሆን ወስኗል።

ዋጋውስ?

እስቲ ወደ ገበያው ቋንቋ እንመለስ። ኤጀንሲው በ2015 ባቀረበው ግምት ጠቅላላው ደንብ፣ የማቃጠያ ማማዎችንና የጋኖችን ማሻሻያ ጨምሮ፣ ለአገሪቱ ማጣሪያዎች በሙሉ የሚያስወጣው የመነሻ ካፒታል 283 ሚሊዮን ዶላር፣ የዓመት ወጪው ደግሞ 63 ሚሊዮን ዶላር ነው። በምላሹ በዓመት 5,200 ቶን መርዛማ ጋዝና 50,000 ቶን ሌላ ተናኝ ጋዝ ይቀንሳል፤ የካንሰር ሥጋታቸው የሚቀልላቸው ሰዎች ቁጥር 1.4 ሚሊዮን ነው ተብሏል። የኢንዱስትሪው ማኅበር ወጪው ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ተከራክሯል።

የኤጀንሲውን ቁጥር ይዘን ብናሰላ፣ የአሜሪካ ማጣሪያዎች በቀን 16 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ያጣራሉና 63 ሚሊዮን ዶላሩ ለአንድ በርሜል የሚደርሰው አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። አንድ በርሜል ደግሞ 159 ሊትር ነው። የኢንዱስትሪውን ክርክር አክብረን ወጪውን አሥር እጥፍ ብናደርገው እንኳ በአንድ በርሜል አሥር ሳንቲም ነው። የዓለም የነዳጅ ዋጋ በአንድ ቀን ወሬ ብቻ ከዚህ ይበልጥ ወጥቶ ይወርዳል። ስለዚህ «ጥብቅ ደንብ ነዳጅ ያስወድዳል» የሚለው ክርክር፣ ቢያንስ ስለዚህ ዓይነቱ ደንብ ሲነሣ፣ በሂሳብ ፊት የሚቆም አይደለም።

ሂሳቡ የሚከብደው በሌላው በኩል ነው። ሂልተን ኬሊ የተባሉት የቴክሳስ ሰው በ2011 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማትን ያገኙት፣ በትልልቅ ማጣሪያዎች በተከበበችው በፖርት አርተር ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ለሚኖሩ አብዛኛዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ለሆኑ ነዋሪዎች በመታገላቸው ነው። ማጣሪያዎቹ ሀብት አመንጭተዋል፤ ሀብቱ ግን የሄደበትና ጋዙ የሄደበት አቅጣጫ አንድ አልነበረም። የደም ካንሰር ሕክምና፣ የሠራተኛ ከሥራ መቅረት፣ የሕፃን ከትምህርት ቤት መታጎል በማጣሪያው መዝገብ በወጪ አይመዘገብም። ይሁንና አንድ ሰው ይከፍለዋል። ሳይጠየቅ የሚከፍለው ደግሞ ጎረቤቱ ነው።

ብዕር የሚሠራውን ብዕር ያፈርሰዋል

ከአሜሪካ የሚገኘው ትምህርት መልካሙ ብቻ አይደለም። በ2024 ኤጀንሲው ይህንኑ የአጥር ልኬት ወደ ኬሚካል ፋብሪካዎች አስፋፍቶ ከቤንዜን ሌላ አምስት መርዞች በአጥር ላይ እንዲለኩ የሚያዝዝ ደንብ አወጣ። በሐምሌ 2025 ግን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በፈረሙት አዋጅ በርካታ የኬሚካል ፋብሪካዎች ከዚያ ደንብ ለሁለት ዓመት ነፃ እንዲሆኑ ተደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሚያዝያ 2025 በድንጋይ ከሰል ለሚሠሩ የኃይል ማመንጫዎች ተመሳሳይ ነፃነት ተሰጥቷል።

የፖለቲካውን ክርክር ለአሜሪካኖቹ እንተው። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው። በመመሪያ ብቻ የተሰጠ ጥበቃ በመመሪያ ይነሣል። ሰዎቹ ሲለወጡ የማይለወጥ ጥበቃ የሚፈለግ ከሆነ በአዋጅ፣ በፋብሪካው ፈቃድና በኢንቨስትመንቱ ውል ውስጥ በጽሑፍ መግባት አለበት። ውል ደግሞ የሚጻፈው ከፊርማና ከሥራ በፊት ነው። ፋብሪካው ነዳጅ ማፍሰስ ከጀመረ፣ አገሪቱም ከእርሱ መቅዳት ከለመደች በኋላ «ቁም» ለማለት የሚደፍር ባለሥልጣን ማግኘት ይከብዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

እኛ ምን አለን? ምንስ ይጎድለናል?

የማጣሪያ ነገር ለኢትዮጵያ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው፣ ዛሬ በኤርትራ የሚገኘው የአሰብ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 በወጪ ምክንያት ተዘግቷል። የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 300፣ የወጣው ማጣሪያው ከተዘጋ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጎዴ ላይ የሚቆመው ፋብሪካ የብክለት ሕግ ባለበት ዘመን በኢትዮጵያ ምድር ድፍድፍ የሚያጣራ የመጀመሪያው ትልቅ ማጣሪያ ይሆናል ማለት ነው።

ያ አዋጅ ጥሩ ጥሩ ነገሮች አሉበት። በካይ ከፋይ መሆን አለበት የሚለውን መርሕ ይዟል። ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በሚበክል ድርጅት ላይ አቤቱታ የማቅረብ፣ መልስ ካጣም ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ሰጥቷል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ ትልልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግና ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ይላል። እንግዲህ መብቱ በወረቀት አለ። ግን መብት ያለ ማስረጃ ምን ይሠራል? ከሳሹ የጎዴ አርብቶ አደር ፍርድ ቤት ሲቆም «ምን ያህል ቤንዜን ደረሰብህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ከየት አምጥቶ ይመልሳል? የመክሰስ መብትን ሥጋ የሚያለብሰው የተለካና የታወቀ ቁጥር ነው። የአሜሪካው ታሪክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች፣ በተለይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና የኢንቨስትመንቱን ውል የያዙት መሥሪያ ቤቶች፣ ቢያንስ የሚከተሉትን ነገሮች ከአሁኑ ቢያስቡባቸው ይበጃል።

አንደኛ፣ ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በአካባቢው ያለው አየር ይለካ። መነሻው ካልታወቀ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» ለሚል ክርክር በር ይከፈታል። የዝናቡና የበጋው ነፋስ የተለያየ በመሆኑ የአንድ ወር ልኬት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የአጥር ላይ ልኬት የፋብሪካው ፈቃድ አካል ይሁን። ልኬት የተቋረጠበት ፋብሪካ ደረሰኝ ሳይቆርጥ እንደሸጠ ነጋዴ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ወጪውን ፋብሪካው ይክፈል፤ ቱቦውን የሚያነሣውንና የሚመረምረውን ላቦራቶሪ ግን ፋብሪካው አይምረጠው። የሚከፍለው ራሱ የሚቀጥር ከሆነ ሚዛኑ ተመልሶ በሻጩ እጅ ገባ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ውጤቱ በየጊዜው ይውጣ፤ የሚወጣውም የአካባቢው ሕዝብ በሚያነበውና በሚሰማው ቋንቋ፣ በሶማሊኛ ጭምር፣ በሬዲዮም ይሁን። አዲስ አበባ ባለ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሪፖርት ጎዴ አልደረሰም።

አምስተኛ፣ ገደቡ ሲታለፍ የሚከተለው ነገር ከወዲሁ ይጻፍ። መጀመሪያ ፈልግና አስተካክል፤ ደግሞ ሲያልፍ መቀጮ፤ ሲደጋገም ችግሩ ያለበት ክፍል እስኪጠገን ይዘጋ። የአሜሪካው ደንብ የደከመው እዚህ ላይ ነውና የሰውን ድካም መኮረጅ አይጠበቅብንም።

ስድስተኛ፣ በአጥሩና በመኖሪያ ቤት መካከል ባዶ መሬት ይከለል፤ ተከልሎም ይጠበቅ። ፋብሪካ ሲቆም ሜዳ የነበረው ቦታ ከዓመታት በኋላ ሻይ ቤት፣ ጉሊት፣ ከዚያም መንደር እንደሚሆን ከከተሞቻችን እናውቃለን። ሥራ ፈላጊው ወደ ሥራው ይጠጋል፤ አይፈረድበትም። ሊከለክለው የሚገባው አስቀድሞ የወጣ ካርታ ነው።

ድሃ አገር አይችለውም ለሚሉ

አንዳንዶች ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ ባለሀብት ያሸሻል ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ተራ ተደርጎ የሚጣል አይደለም። የውጭ ምንዛሪና ሥራ የሚያስፈልጋት አገር ባለሀብትን በወረቀት ብዛት ማሰልቸት የለባትም። ይሁን እንጂ እዚህ የተጠየቀው ወረቀት ማብዛት አይደለም። እንዲያውም በስሌት የተሞሉ ብዙ ቅጾችን በአንዲት ቱቦ የመተካት ነገር ነው። ኤሌክትሪክ የማትፈልግ ቱቦ መስቀልና በላቦራቶሪ መመርመር በቢሊዮን ብር ለሚቆጠር ፋብሪካ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ላቦራቶሪውና ባለሙያው ደግሞ ለሌላውም ኢንዱስትሪ፣ ለነዳጅ ማደያውም፣ ለአዲስ አበባ አየርም የሚጠቅሙ ናቸው።

እውነተኛ ባለሀብት የሚፈራው ጥብቅ ደንብን ሳይሆን የሚለዋወጥ ደንብን ነው። ገና ከጅምሩ ግልጽ የሆነ ገደብ ሲሰጠው ጥሩውን ቫልቭ፣ ጥሩውን የጋን ክዳን ገዝቶ ይገነባል። ፋብሪካ ከቆመ በኋላ ዕቃ መቀየር ግን በመጀመሪያው ቀን ከመግዛት እጅግ የበለጠ ያስወጣል። ደንቡ ዘግይቶ ከመጣ ባለሀብቱም ይጎዳል፤ ካልመጣ ጎረቤቱ ይጎዳል።

ቱቦዋም ቢሆን የሁሉ መድኃኒት አይደለችም። የሁለት ሳምንት አማካይ የምትሰጥ በመሆኗ በአንድ ሌሊት ድንገት የሚፈነዳውን ልቀት ለብቻው አታሳይም። ለዚያ ሌላ መሣሪያ፣ ለማቃጠያ ማማውም የራሱ ደንብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከምንም ተነሥቶ ለሚጀምር አገር ከእርሷ የተሻለ መጀመሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

የጎዴ ሕዝብ ማጣሪያውን እንዲቀበል ሲጠየቅ የሚሰጠው ነገር አለ፤ መሬቱን፣ ውሃውን፣ አየሩን ይሰጣል። ለመሬቱ ካሣ ይሰላል፤ ለውሃው ሜትር ይተከላል። ለአየሩም ሚዛን ይሰቀልለት።